የውጭ ግድግዳ ጣውላ ለሚያለብሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ጎንደር ላይ የውጭ ግድግዳ በጣውላ አልብሱልን የሚል ሥራ ሲመጣላችሁ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት እንጨቱን ለዩ።

የአበሻ ጥድ አይበሰብስም፣ ምስጥም አይደፍረውም ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው፤ ግን ይህ ጸባይ ያለው ቀላ ያለው ልቡ ብቻ ነው። ከልጡ ሥር ያለው ነጩ ክፍል የዛፉ ምግብ የሚከማችበት ስለሆነ ምስጡም ሻጋታውም የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ጣውላውን በመላጊያ ላጥ አድርጉና እዩት፤ ልቡ ከሆነ ይቀላል፣ የተቀረጸ እርሳስ ሽታም ይሸታችኋል። ነጭ ጠርዝ ካለበት ቆርጣችሁ ለውስጥ ሥራ አውሉት። ወይራ ጽኑ ነው፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ጣውላ ግን አይወጣውም። ዝግባ ለመላግ ደስ ይላል፣ ለኮርኒስም ያምራል፤ ለወጨፎ ግን አልሰጠውም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል።

ፈቃድ የሌለው ጥድ እጃችሁ አይግባ። በየደብሩ ቅጥር የቆመውን ጥድ ለማሳደግ የሰው ዕድሜ አይበቃም፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ይልቅ የሚፈርስ አሮጌ ቤት ሲኖር ምሰሶውንና ወራጁን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። እንዲህ ያለው እንጨት መድረቁን ጨርሷል። ወደ መጋዝ ከመግባቱ በፊት ምስማሩን አንድ በአንድ ንቀሉለት።

የለበሰ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከጀርባው ነው። ጣውላው አግድም የሚደረደር ከሆነ ሞራሌውን፣ ማለትም ጣውላው የሚመታበትን ቀጭን እንጨት፣ ሽቅብ አቁሙት፤ ከኋላ 2 ወይም 2.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ። የታችኛውን ጣውላ ከመሬት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ የክረምት ጠፈጠፍ መሬት ነጥሮ የሚመታው እዚያ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ከገጹ በብዙ እጥፍ ውሃ ይጠጣልና የተልባ ዘይት እስኪጠግብ ቀቡት። ቫርኒሽ በበጋው ፀሐይ ይሰነጠቅና በክረምት ውሃውን ከሥሩ ያቁረዋል። ክዳኑም ይስፋ፤ እዚያው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ የሣር ክዳኑ ከግድግዳው ምን ያህል አልፎ እንደወጣ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ጣውላ በክረምት ወደ ጎን ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ስለዚህ አንድ ቪቴ (እየዞረ የሚገባ ጥርሳም ምስማር) የተደራረቡ ሁለት ጣውላዎችን አብሮ አይያዝ፤ እያንዳንዱ በራሱ ይታሰር። ቪቴውም ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ይሁን።