መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ላፕቶፕ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው። ቻርጀር ላይ እያለ ደህና የነበረ ላፕቶፕ ሲነቀል ድርግም ይላል። ምክንያቱ ግን ለየቅል ነው።

ተማሪዋ፣ ከሳቢያን፦ ላፕቶፔ 40 ፐርሰንት እያለው ድንገት ይጠፋል። ቻርጀር ስሰካው አንዳንዴ 38፣ አንዳንዴ ደግሞ 6 ያሳያል። አዲስ ባትሪ ልግዛ?

ቆይ፣ አትቸኩዪ። ያ ፐርሰንት ግምት ነው። ባትሪው ውስጥ ያለች ቺፕ የገባውንና የወጣውን እያሰላች ነው የምትነግርሽ፤ ባትሪው ሲያረጅ ሂሳቧ ይዛባል። ስትሰኪው 6 ካለሽ ቀድሞውንም 40 አልነበረም።

38 ካለሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቻርጁ አለ፣ አቅም ግን የለውም። ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪኩን የሚገታው ነገር) ስለሚጨምር ከባድ ሥራ ሲመጣበት ቮልቴጁ በአንዴ ይወርዳል። ባትሪው ከተሠራባቸው ሴሎች አንዱ ሙሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ነው፤ ወደ 3 ቮልት ሲወርድ የባትሪው መከላከያ ይቆርጠዋል። አንቺ ጋ ሁለቱም ያሉ ይመስላል። ለማረጋገጥ ዎርድ ብቻ ከፍተሽ ሥሪ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቪዲዮ ክፈቺ። በዎርድ ቆይቶ በቪዲዮ ከጠፋ፣ ሴሎቹ ደክመዋል።

ከዚያ ዊንዶውስን ራሱን ጠይቂው። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቺና ፓወርሲኤፍጂ ብለሽ፣ ክፍት ቦታ ትተሽ፣ ስላሽ አድርገሽ ባትሪሪፖርት የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘሽ ጻፊ። ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠው እዚያው ይነግርሻል። ሁለት ቁጥሮች ብቻ እዪ፦ ዲዛይን ካፓሲቲና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው 50,000 ሆኖ ሁለተኛው 22,000 ከሆነ፣ አዎ፣ ግዢ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ችግሩ የግምቱ ነው። 100 ሙይው፣ አንድ ሁለት ሰዓት እዚያው ተሰክቶ ይቆይ፣ ከዚያ ነቅለሽ እስኪጠፋ ተጠቀሚበት፤ መልሰሽ ሳታቋርጪ ሙይው። መብራት የማያስቸግርበትን ቀን ምረጪ እንግዲህ።

እስከዚያው የመመረቂያ ጽሑፍሽ እንዳይጠፋብሽ አንድ ዘዴ አለ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ክሪቲካል ባትሪ ሌቭል የሚለውን ከ5 ወደ 45 ከፍ አድርጊና ሃይበርኔት እንዲል አዘዢው። ሳይጠፋ በፊት ሥራሽን አስቀምጦ ይተኛል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ይህ ቦታ ተደብቆ ይሆናል፤ ካጣሽው ዎርድ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠውን ወደ 1 ደቂቃ አውርጂው።

አባት፣ ከከዚራ፦ የልጄ ላፕቶፕ ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ሲጫወትበት ይጠፋል። ማታ ምንም አይለውም። ባትሪው ነው ብለውኛል።

አይመስለኝም። ባትሪ ሰዓት አይመርጥም። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ በዚያው ሰዓት ሞክሩት፤ ያኔም ከጠፋ ሙቀት ነው። አፕል ለምሳሌ ማክቡክን ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙ ይላል። የድሬን ግንቦትና ሰኔ እርስዎ ያውቁታል። በዚያ ላይ ፍራሹ የአየር መግቢያውን ይደፍነዋል፣ አቧራው ማራገቢያውን ይይዘዋል። ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ባለሙያ ከፍቶ አቧራውን ያጽዳው፣ የደረቀውን የፕሮሰሰር ፔስትም (ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ይቀይረው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን እንዳይሰሙ፤ ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይይዛል።

የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ ከሐረር ሸዋ በር፦ አቦ፣ ከድሬ ታይዋን ገበያ ኦርጅናል ነው ተብዬ የገዛሁት ባትሪ ብዙም ሳይቆይ እንደ አሮጌው ድርግም ማለት ጀመረ። ሁለተኛ እንዳልሸወድ ምን ልይ?

ታይዋን ደህናውም ፎርጅዱም አለ፣ ስቲከሩ ግን ሁሉም ላይ ያምራል። ስለዚህ አሮጌውን ባትሪ ይዘህ ሂድ። የፓርት ቁጥሩን አመሳክር፣ ቮልቱን እይ። 10.8 እና 11.1 አብዛኛውን ጊዜ ይተካካሉ፤ በ11.1 ፋንታ 14.8 ቢሰጡህ ግን አትቀበል። ሚዛኑንም በእጅህ ለካው። ስቲከሩ ላይ ትልቅ አቅም ተጽፎበት ከአሮጌው በጣም ከቀለለ ውስጡ ደካማ ሴል ነው።

ዋናው ፈተና ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ባትሪውን አስገባ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ የስክሪኑን ብርሃን ጨምርና ቪዲዮ አጫውት። ግማሽ ሰዓት አትቸኩል፣ ሻይ አዝዝ። ፐርሰንቱ ቀስ እያለ ከወረደ ጥሩ፤ ከ70 ወደ 30 ከዘለለ ይዘኸው አትሂድ። ባለሱቁ «አይነቀልም፣ አይሞከርም» ካለ ደግሞ መልሱን አግኝተሃል። ዋስትናውን በወረቀት ተቀበል፤ የቃሉ ለክርክር አይሆንም።

የአሁኑን ከመጣልህ በፊት ግን የባትሪው ማገናኛ በደንብ መግባቱን አሳይ። ልል ከሆነ ላፕቶፑን ስታነሳው ወይም ዘንበል ስታደርገው ይጠፋል።

ከገንደ ቆሬ፦ የላፕቶፔ ታችፓድ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። ከመጥፋቱ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። ባትሪው አብጧል። አሁኑኑ አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ክዳኑን በግድ አትጫን። በመርፌ በስቶ ማስተንፈስ የሚሉ አሉ፤ የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ እሳት ሊነሳ ይችላል። ባለሙያ ያውጣልህ።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ባትሪውን አውጥቼ በቻርጀር ብቻ ልጠቀም?

ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ይቻላል፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ግን ባትሪ ከሌለው ይንቀራፈፋል። መብራት ብልጭ ሲል ያልተቀመጠው ሥራ እንደሚሄድ እያወቅሽ ነው ታዲያ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ የሚያቆይ) ካለሽ ችግር የለውም፤ ስታብላይዘር ብቻውን ግን ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያድንሽም።