የአኩሪ አተር ወተት ኤስፕሬሶ ላይ ለምን ይበጣጠሳል?

ሰላም እህቴ። «የአኩሪ አተር ወተት ኤስፕሬሶ ላይ ስጨምር ይበጣጠስብኛል፣ ቤት የሠራሁት የአጃ ወተት ደግሞ ሲሞቅ ይዝለገለጋል፤ የትኛውን ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በሁለቱም ብዙ ስለተቸገርኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ሌላ ወተት ከመግዛትሽ በፊት ግን ቡናሽን እዪው።

የአኩሪ አተር ወተት ፕሮቲን ብዙ ነው፣ ከላም ወተት ብዙም አያንስም። ፕሮቲን ደግሞ አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ሲያገኙት ይረጋል። ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ላይ ማርጊያ ጨው ወይም አሲድ ጨምረው ቶፉ የሚሠሩት ይህንኑ ጠባዩን ተጠቅመው ነው። ስለዚህ ስኒሽ ውስጥ የምታዪው ነጭ ፍርፋሪ የረጋ ፕሮቲን ነው እንጂ ወተቱ ተበላሽቶ አይደለም። እኔ ይህ የገባኝ ከአንድ ካርቶን ለሁለት ስኒ የቀዳሁ ቀን ነው። አንዱ ስኒ ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ነበረው፣ ሌላው ጠቆር ያለ። ቀለል ያለው ላይ ወተቱ ገና ሳማስለው ከታች ነጫጭ ቅንጣት እየተነሳ ውሃው ለብቻው ቀረ። ጠቆር ያለው ግን እስከ መጨረሻው ጉንጭታ ለስላሳ ነበር። ቀለል ያለ አቆላል አሲዱን ይበልጥ ያስቀራል፣ ልዩነቱ ከዚያ ነው።

አወራረዱም ለውጥ አለው። ከቡናው ቀድሞ የሚወጣው ጎምዛዛው ነው፤ ኤስፕሬሶሽ በ15 ሰከንድ ሽው ብሎ ከወረደ አሲዱ ብቻውን ገኖ ይቀራል። ቡናውን ደቀቅ አድርገሽ ፍጪና ከ18 ግራም ቡና 36 ግራም ያህል ኤስፕሬሶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ እንዲወርድ ሞክሪ። ከዚያ ስኒውን ግማሽ ደቂቃ አሳርፊው። ወተቱንም ከፍሪጅ አውጥተሽ ቀዝቃዛውን አትድፊበት፤ ሞቅ አድርገሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ።

ሙቀቱ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የላም ወተት 65 ዲግሪ ድረስ ይችላል፤ የዕፅዋት ወተት ግን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ቢቆም ይሻላል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ መዳፍሽን ጆጉ ላይ አድርጊ፣ መያዝ ሲያቅትሽ ወዲያው አቁሚ። ወተቱን በእንፋሎት አረፋ ስታደርጊው አየር የሚገባው መጀመሪያ ላይ፣ ወተቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽከርከር ብቻ፤ አለዚያ አረፋው ትልልቅ ይሆንና ይሟሽሻል። የእንፋሎት ማሽን ለሌለው ሰው፣ የሞቀ ወተት ፍሬንች ፕሬስ (ወደ ታች የሚገፋ ማጣሪያ ያለው የቡና ማፍያ) ውስጥ ጨምሮ ማጣሪያውን ፈጠን ፈጠን እያደረጉ ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚገርም አረፋ ይሰጣል።

አሁን ወደ አጃው። ቤት የተሠራ የአጃ ወተት ሲሞቅ የሚዝለገለገው ስታርቹ ውሃ እየጠጣ ስለሚያብጥ ነው። ብታጥቢውም፣ ደጋግመሽ ብታጣሪውም ለውጥ የለውም፤ እኔ ስንት ጠዋት ደክሜበታለሁ። የፋብሪካው የማይዝለገለገው ስታርቹን ኢንዛይም ወደ ስኳር ስለሚሰባብረው ነው፤ ጣፋጭነቱም ከዚያ ይመጣል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲው ሪካርድ ኦስቴ ነው። ስለዚህ የቤቱን ለቀዝቃዛ መጠጥ አድርጊው፣ ለማኪያቶና ለካፑቺኖ «ባሪስታ» የሚል የተጻፈበትን ግዢ። ባሪስታ የሚባሉት ላይ ብዙ ጊዜ ዘይትና ዳይፖታሲየም ፎስፌት ይጨመራል፤ ዘይቱ ያወፍረዋል፣ ፎስፌቱ የቡናውን አሲድ ስለሚያረግብ መበጣጠሱ ይቀንሳል። ካርቶኑን ሳትከፍቺ በደንብ ናጪው፤ የሚጠቅመው ነገር ታች ይዘቅጣል።

የአልመንድ ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፣ አረፋውም ቶሎ ይጠፋል። ኮኮናት የቡናውን ጣዕም ይጫነዋል። ሩዝ ለኤስፕሬሶ በጣም ቀጭን ነው፣ እኔ ትቼዋለሁ።

ለእኔ፣ ለአረፋ የሚሻለው ባሪስታ አጃ ነው፤ ለጣዕም ግን፣ ጠቆር ካለ ቡና ጋር አኩሪ አተርን አስበልጣለሁ። አንቺ የምትጠቀሚው ቡና አቆላሉ እንዴት ነው? በስንት ሰከንድስ ይወርዳል? ሁለቱን ጻፊልኝና ከየት እንደምትጀምሪ እነግርሻለሁ።