«ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት ነው?» ለምትሉኝ ልጆች

ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ስትመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሄ ነው፤ የአንድ ጆርናል የቅርብ ዓመታት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር። አልፈርድባችሁም፤ የማዕረግ እድገት ጉዳይ ነው፣ እንጀራ ነው። ግን ቋንቋ የምታጠኑ ከሆነ ስለ አንድ የስፔን ጆርናል ላውጋችሁ።

ሬቪስታ ዴ ፊሎሎሂያ ኤስፓኞላ ይባላል። የስፔኑ የቋንቋ ሊቅ ራሞን ሜኔንዴዝ ፒዳል እ.ኤ.አ. በ1914 ማድሪድ ላይ የመሠረተው ነው። ዛሬም ይታተማል፤ በነፃም ይነበባል።

እንዲህ ያለ ጆርናል በቁጥር ሲለካ ምን እንደሚመስል እንየው። ባለፉት ሁለት ዓመታት 40 ጽሑፍ አወጣ እንበል። እነዚያ ዘንድሮ 10 ጊዜ ቢጠቀሱ፣ 10 ለ40 ሲካፈል 0.25 ይመጣል። አለቀ። ከሕክምና ጆርናል ጎን ሲቀመጥ ያሳፍራል። ዘንድሮ አንድ ሰው በ1920ዎቹ የወጣ ጽሑፍ ቢጠቅስስ? ዜሮ። ጥቅሶቹን የሚቆጥረው ዳታቤዝ በማያውቀው የስፓኒሽ መጽሐፍ ውስጥ ቢጠቀስስ? እሱም ዜሮ። የእኛ ሙያ ደግሞ ቶሎ አያረጅም። የአንድን መንደር አነጋገር በትክክል የመዘገበ ጽሑፍ፣ ያ አነጋገር ሲጠፋ ጭራሽ ተፈላጊነቱ ይብሳል።

የፒዳል ተማሪ የነበረው አማዶ አሎንሶ በ1927 ቦነስ አይረስ ሄዶ እዚያ ያለውን የፊሎሎጂ (የቋንቋና የጽሑፍ ጥናት) ተቋም መራ። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃበት በ1939 እዚያው ቦነስ አይረስ የራሱን ጆርናል ጀመረ። በ1946፣ በፕሬዚዳንት ፔሮን ጊዜ፣ አርጀንቲናን ሲለቅ ጆርናሉም ቆመ። በዓመቱ ግን ሜክሲኮ ላይ፣ ኤል ኮሌሂዮ ዴ ሜክሲኮ በሚባለው የትምህርትና የምርምር ተቋም፣ በስሙ ላይ «አዲሱ» የሚል ቅጽል ተጨምሮበት ተነሳ። እስከ ዛሬ አለ። እስቲ ይሄን በኢምፓክት ፋክተር አስሉልኝ!

ስፔኖችም ነገሩ ገብቷቸዋል። የምዘና ኤጀንሲያቸው አኔካ፣ ተመራማሪን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ የሚለውን የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ በ2023 ፈርሟል። የእኛ ኮሚቴዎች መቼ እንደሚደርሱበት እንጃ።

እስከዚያው ጆርናል ስትመርጡ፣ ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ካወጣቸው ጽሑፎች ሁለት ሦስቱን አውጡ። ማን ጠቀሳቸው? እንዴት? መግቢያው ላይ ከሌሎች አሥር ስሞች ጋር በአንድ ቅንፍ ታጭቀው ከሆነ ብዙም አይደለም፤ ለወጉ ነው። አንዱ መረጃቸውን ወስዶ፣ «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ብሎ ሁለት ገጽ ከተከራከረ ግን ያ ጆርናል ይነበባል ማለት ነው። በሳምንት አትማለሁ፣ ብር ላኩ፣ ኢምፓክት ፋክተሬም ይሄን ያህል ነው የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ ደግሞ መልስም አትስጡ።

የራሳችሁም ጽሑፍ እንዲያ ያለ ክርክር ሲያስነሳ ገጹን ፕሪንት አድርጋችሁ ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዙት። ኮሚቴው ውስጥ አንድ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።