የአባቴ የወርቅ ሰዓት በየሰዓቱ ሩብ ይቀድማል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኩት በእጅ የሚሞላ የወርቅ ኦሜጋ አለኝ። ጡረታ ሲወጣ የተሰጠው ነው፤ ጀርባው ላይ ስሙና የመታሰቢያ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ማሰር ስጀምር ደህና ይሠራ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሬዲዮ ካስተካከልኩት፣ ሦስት ሰዓት ሲል ሩብ ያህል ቀድሞ አገኘዋለሁ። ማታ የስልኬ ሽፋን ላይ አስቀምጬው ነው የምተኛው። አንድ ወርቅ ቤት ሳሳየው «ቀፎውን ወልውለን፣ ጽሑፉን ፍቀን፣ የደበዘዘውን ገጽ አዲስ እናስቀባልህ» አሉኝ። ላሠራው?

መልስ፦ አያሠሩት። የወርቅ ቤቱ ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ወርቅ አዋቂ ወርቁን ያያል። የእርስዎ ሰዓት ሕመም ግን ቀፎው ላይም ገጹ ላይም የለም፤ ፍንጩን እርስዎ ራስዎ እግረ መንገድዎን ነግረውኛል። ያ የስልክ ሽፋን በማግኔት የሚከደን አይደለም?

በአባትዎ ዘመን የተሠራ፣ በእጅ የሚሞላ የኦሜጋ ሰዓት በአብዛኛው በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 5 ጊዜ ይመታል። ምቱን የሚገዛው ከሰው ጠጉር የቀጠነ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ሞላ ነው። የዚህ ሞላ ጥቅልሎች እርስ በርስ ሳይነካኩ መከፈትና መሰብሰብ አለባቸው። ማግኔት ሲይዛቸው ይጣበቃሉ፤ ሲጣበቁ ሞላው ያጠረ ያህል ይሆናል፤ ያጠረ ሞላ ደግሞ ምቱን ያፋጥናል። በሰዓት ሩብ መቅደም ማለት 18,000 የነበረው ምት 22,500 ደርሷል ማለት ነው። እርጅና እንዲህ አያደርግም። የደረቀ ዘይት ሰዓትን ያደክማል፣ ያቆማል እንጂ እንዲህ አያስጋልብም። ወርቅ በማግኔት ስለማይሳብ የወርቅ ሰዓት የማይነካው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ወርቁ ግን ልብስ ነው፤ ውስጡ ያለውን ብረት ከማግኔት አያድንም።

ለማረጋገጥ መርፌ ያለው ተራ ኮምፓስ ይዋሱ፤ የስልኩ ይቅር። ኮምፓሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መርፌው ሲረጋ ሰዓቱን ቀስ ብለው ያስጠጉትና ዙሪያውን ያንቀሳቅሱት። መርፌው ወዲያና ወዲህ ከተወራጨ ነገሩ አለቀ። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ የማግኔት ማጥፊያ የምንለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ሳጥን አለ። ሰዓቱን እላዩ ላይ አድርጎ፣ ቁልፉን ተጭኖ፣ ጣትን ከቁልፉ ሳያነሱ ሰዓቱን ክንድ ያህል ቀስ ብሎ ማራቅ፣ ከዚያ መልቀቅ። ሰዓቱ ሳይርቅ ቁልፉን የለቀቀ ሰው የባሰ ማግኔት ሊያስይዘው ይችላል። ጀርባው እንኳ መከፈት የለበትም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሰዓቱን ከፍቶ የፍጥነት ማስተካከያዋን ወደ ኋላ በመግፋት ብቻ «ይኸው ተሠራ» የሚል ካጋጠመዎት ሰዓትዎን ይዘው ይውጡ። ማግኔቱ በጠፋ ማግስት ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል፤ እርስዎም እንደገና ይከፍላሉ።

ማግኔቱ ጠፍቶም ከቀደመ፣ ወይ ሞላው ላይ ዘይት ፈስሶ ጥቅልሎቹን አጣብቋል፣ ወይ ሰዓቱ ወድቆ አንዱ ጥቅልል ከቦታው ወጥቷል። ያኔ ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው። የሚፈታው ሰው ክዳኑን ሲከፍት አጠገቡ ሆነው ፎቶ ያንሱ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ 0.750 የሚል ቁጥርና የሴት ራስ ምስል ካዩ የስዊዘርላንድ መንግሥት የ18 ካራት ማኅተም ነው፤ 0.585 እና የሽኮኮ ምስል ከሆነ 14 ካራት። በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺኛ) የተለካ ቁጥር ከተጻፈ ቅብ ነው፤ እሱንም ቢሆን አይናቁት። ሞተሩ በአብዛኛው ቀይ መዳብ መሳይ ነው። እዚያው የተቀረጸው ተራ ቁጥር ከ14 እስከ 15 ሚሊዮን ባለው ውስጥ ከሆነ ወደ 1950ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ያመለክታል።

አሁን ወደ ቀፎው። 18 ካራት ለስላሳ ነው፤ በተወለወለ ቁጥር ይሳሳል። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ነው። ሙያውን ስለምድ አንድ የወርቅ ሰዓት አምጥተው አብራልን አሉኝ፤ እኔም ብሩሹ ላይ እያሽከረከርኩ መስታወት አስመሰልኩት። ደንበኛው ደስ ብሎት ሄደ። ጌታዬ ግን ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን ጆሮዎች በአጉሊ መነጽር አሳየኝ፦ ስለታም የነበሩት ጠርዞች እንደ ተላሰ ከረሜላ ዶልዱመዋል፣ ከጆሮዎቹ ጀርባ የነበረችው ትንሽ ማኅተም የለችም። የሄደ ወርቅ አይመለስም። ጽሑፉን ማስፋቅም ያው ነው፤ ከሳሳው ክዳን ላይ ሌላ ንብርብር መግፈፍ። ደግሞስ የአባትዎን ስም ፍቆ ምን ሊጻፍበት ነው?

ገጹንም ይተዉት። ቡና የመሰለው የዕድሜ ቀለም ሰብሳቢ የሚፈልገው ነው። አዲስ የተቀባ ገጽ ላይ ፊደሎቹ ይወፍራሉ፣ ከታች ያለው «ስዊስ ሜድ» ይጣመማል ወይም ጭራሽ ይረሳል፤ ዋጋውም በዚያው ይወድቃል። ማብራት ካማረዎት መስታወቱን ያብሩ። የዚያን ጊዜው መስታወት ፕላስቲክ ስለሆነ፣ በዙሪያው ያለውን ወርቅ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው፣ በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት የጥርስ ሳሙና ለአምስት ደቂቃ በክብ ይሹት። ጭረቱ ሲጠፋ በአጉሊ መነጽር መሐሉን ይመልከቱ፤ የኦሜጋ ምልክት እንደ ነጥብ ሆና ከታየችዎት መስታወቱ የፋብሪካው ነው፣ ማንም እንዳይለውጥብዎት።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እጅዎ ላይ ሳያስሩት ይሙሉት፤ መሙያው ሲገታዎት ያቁሙ። ማታ ደግሞ ከስልኩ ራቅ አድርገው፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያስተኙት።