«አምኛለሁ» ከማለታችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲታሰር ከሚደወልላቸው ሰዎች አንዱ ሆኜ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ አፈላልጋለሁ፣ ቀጠሮ አስታውሳለሁ፣ ችሎት አብሬ እቀመጣለሁ። ይህን የምጽፈው የአንድ ወንድማችን ጉዳይ እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ ነው።

ከባለቤቱ ጋር ተጨቃጨቁ፣ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ «ምን ተፈጠረ?» ሲለው፣ ሰው አክባሪ ነውና ሁሉንም ዘረዘረለት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኳት፣ ይቅርታ» አለ። ሊያረጋጋት እንደያዛት መናገሩ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን በኃይል ጨምድዶ እንደያዛትና ጥፋቱንም እንዳመነ ተጽፎ አገኘነው።

ብዙዎቻችን ፖሊስ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብታችንን ካላነበበልን የተናገርነው ሁሉ የማይጸና ይመስለናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሚራንዳ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ የወሰነው ግን በቁጥጥር ሥር ውሎ ምርመራ ስለሚደረግበት ሰው ነው። ሳትያዙ በር ላይ ወይም መንገድ ዳር ያወራችሁት እንዳለ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ዝም ማለት ብቻውንም አይበቃም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እንደወሰነው ዝም የማለት መብቱን የሚጠቀም ሰው ይህንኑ በግልጽ መናገር አለበት። «ጠበቃ ብይዝ ይሻል ይሆን?» የሚል ማመንታትም አይቆጠርም። ስማችሁን በትሕትና ተናገሩ፣ አትዋሹ፣ አትታገሉ፤ ከዚያ ይህችን በቃላችሁ ያዙ፦ «አይ ዋንት ኤ ሎየር። አይ ዊል ኖት አንሰር ክዌስቸንስ።» ጠበቃ እፈልጋለሁ፣ ጥያቄ አልመልስም ማለት ነው።

«እሺ» የምትለዋን ቃልም ተጠንቀቁ። እኛ ሰማሁህ ለማለት «እሺ» እንላለን፣ ራሳችንንም እንነቀንቃለን። ፖሊሱ «መኪናህን ልፈትሽ?» ብሎ ከሆነ ግን በራሳችሁ ፈቃድ እንዲፈትሽ ተስማምታችኋል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጠበቃው ፍተሻው ሕገወጥ ነበር ብሎ የሚከራከርበት መንገድ ይጠብበታል።

ወንድማችን ከእስር ቤት እየደወለ ለዘመዶቹ የሆነውን ሁሉ አወራ። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል፤ አማርኛም ሆነ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚተረጉም አይጠፋም። የታሰረ ሰው ሲደውልላችሁ ስለ ጉዳዩ አትጠይቁት። አይዞህ በሉት፣ ጠበቃ እየፈለግን ነው በሉት፣ ይበቃል።

በሦስተኛው ቀን በዋስ ወጣ። ዳኛው ባለቤቱን በምንም መንገድ እንዳያገኛት አዞ ነበር። እኛ ደግሞ በቅን ልቦና ሽማግሌ ላክን። በእኛ ዘንድ ይህ የደግ ሰው ሥራ ነው፤ እዚያ ግን በሰው በኩል መልእክት መላክም ትእዛዝ መጣስ ነው፣ ሌላ ክስ ያመጣል። እሷ ይቅር ብትለው እንኳ ክሱን ማንሳት የሚችለው ዐቃቤ ሕጉ ብቻ ነው። «ቃልሽን ቀይሪ» ብሎ መለመን ደግሞ ምስክር ማባበል ተብሎ ራሱን የቻለ ወንጀል ይሆናል። እርቁ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃው ትእዛዙ እንዲሻሻል ዳኛውን ይጠይቅ። በዚህ ጉዳይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ጸጸቱም አልለቀቀኝም።

«የመንግሥት ጠበቃ ለመንግሥት ያደላል» የሚባለውን አትስሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 ጊዲዮን በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ በከባድ ወንጀል ተከሶ ለጠበቃ የሚከፍለው ለሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ ማቆም ግዴታው ነው፤ የጠበቃው ታማኝነት ግን ለተከሳሹ ነው። ችግራቸው የሥራ ብዛት ነውና እናንተ አግዟቸው። የዕለቱን ነገር በሰዓት በሰዓቱ ጻፉ፣ ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ስጡ፣ በአካባቢው ካሜራ ካለ በዚያው ሳምንት ንገሯቸው። ካሜራዎች የቀዱትን እየደመሰሱ በላዩ ላይ ስለሚቀዱ፣ ወር ያለፈው ምስል ላይገኝ ይችላል። እፍረት ይዟችሁ ከጠበቃችሁ የምትደብቁት ነገር አይኑር፤ የነገራችሁትን ያለ ፈቃዳችሁ አያወጣም። ዘመድ አጠገባችሁ ተቀምጦ ከሰማ ግን ያ ምስጢርነት ሊፈርስ ስለሚችል ብቻችሁን ተነጋገሩ። አስተርጓሚም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ጠይቁ፤ የአጎት ልጅ አያስተርጉም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በመጀመሪያው ችሎት ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ብሎ ሲጠይቅ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው «አይደለሁም» ማለት መዋሸት ይመስለዋል። አይደለም። ትርጉሙ «ዐቃቤ ሕግ ክሱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ያስረዳ» ማለት ነው። ማስረጃው ሳይታይ የሚሰጥ የእምነት ቃል ጠበቃውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ከዚያ ድርድሩ ይመጣል። አብዛኛው የአሜሪካ የወንጀል ክስ የሚዘጋው በድርድር ነው። ለወንድማችን «እመን፤ እስር የለም፣ አንድ ዓመት በገደብ ብቻ» ተባለ። ደስ ብሎት ፈረመ። ከዓመታት በኋላ ዜግነት ሲያመለክት የደረሰው መልስ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር።

ቤት ውስጥ የሚፈጸም የኃይል ጥፋት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሊያስባርር ይችላል። የስርቆትና የኃይል ወንጀልም አንድ ዓመት ከተፈረደበት፣ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ በገደብ ቢሆን እንኳ፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ተርታ ይገባል። በ364 እና በ365 ቀን መካከል ያለው የአንድ ቀን ልዩነት ሰው አገር ውስጥ እንዲቀር ወይም እንዲባረር ያደርጋል፤ ኒው ዮርክ በ2019 የቀላል ወንጀልን ጣሪያ 364 ቀን ያደረገችው ለዚህ ነው። «ካመንክ በኋላ ክሱ ይሰረዛል» የሚለው ተስፋም ለኢሚግሬሽን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ አምናችሁ ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለ እንደተፈረደባችሁ ይቆጠራል። ጫትን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በተከለከሉ ዕፆች አንደኛ መደብ ላይ ከሄሮይን ጋር የተመዘገበ ነው።

ሆሴ ፓዲያ የሚባል የሆንዱራስ ተወላጅ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነትም ለአሜሪካ የተሰለፈ ሰው ነበር። ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» ብሎት የማሪዋና ክሱን አመነ፣ መባረርም መጣበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2010 (እ.ኤ.አ.) የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው ይህን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ስለዚህ የመኖሪያ ሁኔታችሁን በመጀመሪያው ቀን ለጠበቃችሁ ንገሩ፣ የድርድሩንም ቃል ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይቶት በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ቀጠሮ ከጠበበ ጠበቃው ጊዜ ይጠይቅ።

ቀድማችሁ ያመናችሁም የፍርድ ቤቱን የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ አውጥታችሁ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዩ። ፍርዱን ለማስነሳት የተወሰነ ጊዜ ስላለው አታቆዩት። ግሪን ካርድ ከማደሳችሁ፣ ዜግነት ከማመልከታችሁ፣ በተለይ ደግሞ ለዕረፍት አገር ቤት ለመሄድ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ ሲወጡ ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎች ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተያዙ አሉ።