ቁስል ይሸፈን ወይስ አየር ይንካው?

ቁስል አየር ሲነካው ቶሎ ይድናል ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ ብዙዎቻችን እንደዚያ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ጥናቱ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎችን አድርጎ አንዳንዶቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነ፣ ሌሎቹን ክፍት ተዋቸው። የተሸፈኑት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አበጁ። በዓመቱ በሰው ላይ ሲሞከርም ተመሳሳይ ነገር ታየ። አዲሶቹ ሴሎች እርጥበት ካገኙ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ። ከደረቀ ቅርፊት ሥር ግን መንገድ እየፈለጉ ነው የሚያልፉት።

ስለዚህ ትንሽ ጭረት ከሆነ በንጹህ ውሃ እጠበው፣ ቫዝሊን ቀባ አድርገህ በፕላስተር ሸፍነው። አደራ፣ መግል ከያዘ፣ መቅላቱ ከሰፋ ወይም ስኳር ካለብህ ቶሎ ሐኪም ይየው።