ዋስ ላጣችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ሸብቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነበር። ሐረጎን ጠዋት እየወረድኩ ማታ እየወጣሁ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ማን እንደሚቀጠርና ማን ከበር እንደሚመለስ ብዙ አይቻለሁ። የምጽፍላችሁም ስለዚያ ነው።

«ጎበዝ ከሆንክ ሥራ አታጣም» ያላችሁ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ሾፌር፣ ጥበቃ፣ እነዚህ ሥራዎች ዋስ ይጠይቃሉ። ዋስ ሲባል ደግሞ ማንም ሰው አይሆንም። ቋሚ ደመወዝ ያለውና ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያመጣ መሆን አለበት። አባቱ መምህር፣ አጎቱ ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ይህን በአንድ ስልክ ይጨርሳል። አባቱ ሰኞ ገበያ ጆንያ የሚሸከም፣ ዘመዶቹ ሁሉ ኩታበር የሚያርሱ ልጅስ? ሰርግ ቢደግስ ድንኳኑን የሚሞላ ዘመድ አለው። ባለደመወዝ ግን የለውም። ፈተናውን አንደኛ የወጣ ልጅ ዋስ አጥቶ ሲቀር፣ ከኋላው የነበረው ሲገባ አይቻለሁ። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «መስፈርቱን አላሟላም» የሚል ነው። ያን ያነበበ ሰው ልጁ የሰነፈ ይመስለዋል።

ስለ ሀብታምና ድሃ ስናወራ ኪስ ኪሱን ብቻ እናያለን። አረብ አገር ሠርታ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ያሠራች ልጅ በየሰፈራችን አለች። ብሩ መጥቷል፣ ሶፋውም ገብቷል። ወንድሟ ግን ዛሬም ዋስ የለውም። ማስታወቂያ የሚነግረው፣ ማመልከቻውን የሚያይለት ሰውም የለውም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባል የለ።

ወደ ቃለ መጠይቁ ልውሰዳችሁ። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ይባላል። ልጁ አንገቱን ይደፋል። ታላቅን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ራስን ማወደስማ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ጠያቂዎቹ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ብለው ይጽፋሉ። ቀጥሎ የሚገባው ልጅ ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ አብሮ ተቀምጦ እያወራ ያደገ ነው። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቀመጣል፣ ፈገግ ይላል፣ መሃል ላይ እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋል። «ንቁ ነው» ይባላል። ሁለቱም ያሳዩት ያደጉበትን ቤት ነው። ነጥብ የተሰጠው ግን ለአንዱ ቤት ብቻ ነው። ፒየር ቡርዲዩ የሚባል ፈረንሳዊ የሶሾሎጂ ምሁር ይህን የባህል ካፒታል ብሎታል። እሱም የገጠር ፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበር።

በአያቶቻችሁ ዘመን ነገሩ አይደበቅም ነበር። አንዱ ባለርስት፣ አንዱ ጭሰኛ ነው፣ አለቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። መደብ ጠፋ ተብሎ ተጨፈረ። እኔም ጨፍሬያለሁ። ነገር ግን ትርፍ ቤቱን ያጣው ቤተሰብ ልጅ የማስጠናት ልማዱን አላጣም፣ ከቢሮ ሰው ጋር ያለውን ትውውቅም አላጣም። ልዩነቱ ከመሬት ተነሥቶ ትምህርት ቤት ገባ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያው በ2015 ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነፍ ይሆናል? አይመስለኝም። በ2014 የተፈተኑት የእኛ ልጆችማ ከጦርነት ወጥተው ነው የተቀመጡት። አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅና ከብት አግዶ መጥቶ በኩራዝ ያጠና ልጅ አንድ ወረቀት ተሰጥቷቸው «ጎበዝና ሰነፍ» ሲባሉ ያናድደኛል።

ስለዚህ የወደቃችሁ ልጆች ራሳችሁን አትናቁ። ያለፋችሁትም ቀስ በሉ።

አንድ ሌላ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ከቃሉ ወይም ከወረባቦ ወረዳ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በአነጋገሩ ሙድ ይያዝበታል። ፋራ ይባላል። በዓመቱ የእናቱን ስልክ ከሰው ርቆ ነው የሚያነሣው። አባቱ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ከሆነማ «ነጋዴ ነው» ይላል። በእርግጥ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚሁ ወሎ ለሸማኔ፣ ለቀጥቃጭ፣ ለፋቂ ልጅ አንድርም የሚል ቤተሰብ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። የሚገርመው ጥበቡን ለሰርጋችን እንለብሰዋለን። አምባሰልና ባቲ የአገር ቅኝት ሆነው ያኮሩናል። በየጠጅ ቤቱ እየተጫወቱ ያቆዩልንን አዝማሪዎች ግን ስንንቃቸው ኖረናል። ልጆቼ፣ አነጋገራችሁን ለሥራ ቦታ ማስተካከል ብልህነት ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አባትን መካድ ግን ሌላ ነገር ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ከአባቴ ጋር ገበያ እየሸጥኩ ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ» ያለች ልጅ ነበረች። ከዲግሪዋ ይልቅ ያቺ ንግግር ናት ያስቀጠረቻት።

ደሴዎች በአይጠየፍ አዳራሽ እንኮራለን። ንጉሥ ሚካኤል ድሃና ሀብታም ሳይለዩ ያበሉበት ነው ይባላል። ጥሩ ነው። አብሮ መብላት ግን አብሮ ሥራ መግባት አይደለም። እኔ ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በቅሬ፣ ሌላው አገር እድር በሚለው፣ ነው። ቅሬ ውስጥ ነርሱም፣ መምህሩም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ለቀብር እንዲህ ከተገናኘን ለሥራ ለምን አንገናኝም? እናትና አባታችሁ ቅሬ ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ። ድንኳን ትከሉ፣ ወንበር አመላልሱ፣ ታወቁ። ባለደመወዙን ሰው ሥራ ሳይወጣ በፊት አናግሩት። ማስታወቂያው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ሮጦ የሚመጣን ልጅ ማንም አይዋሰውም። ያስተማሯችሁን መምህራን አትርሱ፤ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያም እንዲሁ። እምቢ ቢሏችሁ አትቀየሙ፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

አሁን ደግሞ ደመወዝ መብላት ለጀመራችሁት። ነገ የሸክም ሠራተኛ ልጅ መጥቶ ዋስ ሁኑኝ ይላችኋል። ትፈራላችሁ፣ አልፈርድባችሁም። ሰው የሚፈራው ልጁ ቢያጠፋ ቤቴን ትዳሬን ይወስዱታል ብሎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም ይላል። ስለዚህ ቅጹን ተቀብላችሁ መጀመሪያ የብሩን ቦታ እዩ። ባዶ ከሆነ አስሞሉት። መጠኑ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ለልጁ በግልጽ ንገሩት፣ ሁለት ዋስ ሆናችሁ ትካፈሉት እንደሆነም ድርጅቱን ጠይቁ። ልጁን የምታውቁትና መጠኑም የምትችሉት ከሆነ ፈርሙለት።